ጥርሱ በመጨረሻ ይታያል፦ የተራራ ብስክሌት ጎማና የቸርኬ ስፋት፣ ከእንጦጦ እስከ ሐረና

የተራራ ብስክሌት ጎማ ሲገዛ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ጥርሱ ላይ ነው። ትልቅ ከሆነ «ይሄ ይይዛል»፣ ትንሽ ከሆነ «ይሄ ይሮጣል» ተብሎ ሒሳብ ይከፈላል። ሁለት ወር ሳይሞላ ጎማው ጎኑ ተቀዶ፣ ወይም መታጠፊያ ላይ እንደ ሰካራም እየተወላገደ አስቸግሮ ጎሚስታ ቤት ይገኛል። ጎሚስታው ሲያየው ጥርሱ ገና አዲስ ነው። የተበላሸው ሌላ ነገር ነው፦ ቸርኬው ለጎማው ስፋት አይመጥንም፣ ወይም የጎማው ጨርቅ ለድንጋዩ ስስ ነው፣ ወይም ንፋሱ በአውራ ጣት ተጨምቆ ተገምቷል። ስለዚህ እዚህ ጎማዎቹን የምንመዝናቸው ቸርኬን፣ ስፋትን፣ ጨርቅን አስቀድመን ነው፤ ጥርስ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በጎኑ የተጻፈው ቁጥር

በጎማው ጎን ላይ ሁለት ልክ ተጽፏል። አንዱ በኢንች ነው፣ ለምሳሌ 29 በ2.40። ሌላው በሚሊሜትር ነው፣ 61-622። የሚታመነው የሚሊሜትሩ ነው። 61 የጎማው ስፋት ሲሆን 622 ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ዲያሜትር ነው። ባለ29 ጎማ 622፣ ባለ27.5 ጎማ 584፣ የተለመደው ባለ26 የተራራ ጎማ ደግሞ 559 ነው።

ገበያ ውስጥ «26 ቁጥር አለ?» ብሎ መጠየቅ የማይበቃውም ለዚህ ነው። 26 በ1⅜ ተብሎ የተጻፈ የከተማ ብስክሌት ጎማ ልኩ 590 ነው፤ 559 ቸርኬ ላይ እየተንሸዋረረ ይዞራል እንጂ አይቀመጥም። 28 በ1½ የሚለው የድሮው ከባድ ብስክሌት ጎማ 635 ነው። ዛሬ 28 እየተባለ የሚሸጠው የከተማ ብስክሌት ጎማ ግን አብዛኛውን ጊዜ 622 ነው፤ ዲያሜትሩ ከባለ29 የተራራ ጎማ ጋር አንድ ነው። የጎማውን ቁጥርና የቸርኬውን ቁጥር ጎን ለጎን አንብቦ መግዛት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ቸርኬ የሚለካው ከውስጥ ነው

የቸርኬ ስፋት ሲባል ጎማውን ግራና ቀኝ በሚይዙት ሁለት ከንፈሮች መካከል ያለው ክፍተት ነው። ጎማውን አውልቆ በካሊብሮ መለካት ነው። ማውለቅ ካልተቻለ ከውጭ ለክቶ 5 ሚሊሜትር ገደማ መቀነስ ለአሉሚኒየም ቸርኬ ለግምት ይሆናል። የካርቦን ቸርኬ ከንፈሩ ወፍራም ስለሆነ በዚህ ስሌት ያሳስታል።

አንዳንድ አምራች ልኩን በስሙ ላይ ያስቀምጠዋል። ደብሊውቲቢ የሚባለው ድርጅት ቸርኬ ላይ «አይ25» ወይም «አይ30» ካለ ቁጥሩ የውስጥ ስፋቱ ነው። የስታንስ ቸርኬዎች ግን በስማቸው አይናገሩም፤ ክረስት ኤምኬ3 23፣ አርች ኤምኬ3 26፣ ፍሎው ኤምኬ3 29 ሚሊሜትር መሆናቸውን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ያገለገለ ባለ26 ብስክሌት ላይ የሚገኘው ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ 19 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ አንዳንዴም ከዚያ ይጠባል።

ልኩ ለምን ይህን ያህል እንደሚያስጨንቅ አንድ ስሌት ያሳያል። ቸርኬው በ1 ሚሊሜትር ሲሰፋ ወይም ሲጠብ ጎማው በ0.4 ሚሊሜትር ያህል አብሮ ይሰፋል፣ ይጠባል። ለ30 ሚሊሜትር ቸርኬ ታስቦ የተሠራ ባለ2.4 ጎማ 61 ሚሊሜትር ይሆናል። ያው ጎማ 20 ሚሊሜትር ቸርኬ ላይ ሲገባ ወደ 57 ይወርዳል፤ ማለትም ባለ2.25 ሆኗል። የተከፈለው ለ2.4 ነው፣ የተሸከሙት ክብደትም የ2.4 ነው።

የጠፋው 4 ሚሊሜትር ግን ትንሹ ኪሳራ ነው። ከጠባብ ቸርኬ ላይ የተቀመጠ ሰፊ ጎማ ከፊት ሲታይ እንደ አምፖል ነው፤ ከላይ ክብ፣ ከታች ቀጭን አንገት። ብስክሌቱ ሲዘም አንገቱ ይታጠፍና ከላይ ያለው ጎማ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ነጂው መሪውን ጠምዝዞ ጎማው ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ሲከተለው ይሰማዋል። ንፋስ ቢጨመር መወላገዱ ይቀንሳል፣ ግን ያኔ ጎማው ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እንደ ኳስ ይዘላል። ቲዩብለስ (ከመነዳሪ የሌለው ጎማ) ከሆነ ደግሞ በጠንካራ መታጠፊያ ላይ ጠርዙ ለቅጽበት ከቸርኬው ይላቀቅና ጎማው «ቡፍ» ብሎ ንፋሱን ያገሳል።

ተቃራኒውም አለ። ጠባብ ጎማ በጣም ሰፊ ቸርኬ ላይ ሲገባ ጀርባው ጠፍጣፋ ይሆናል። የጎን ጥርሶቹ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ሲሄድም መሬት ይነካሉ፤ ሲዘም ግን የሚጨምሩት ነገር ስለሌለ መያዣው ድንገት ያልቃል። የጎማው ጎንም ተገትሮ ስለሚቆም የቸርኬውን ከንፈር ከድንጋይ የሚጋርደው የለም። ባለ2.2 ጎማ 35 ሚሊሜትር ቸርኬ ላይ ማስገባት ቸርኬውን ለድንጋይ መስጠት ነው።

የሚስማማው እንዲህ ነው። ለ19 ሚሊሜትር ቸርኬ ከ1.9 እስከ 2.2፤ ለ21 እና 23 ከ2.1 እስከ 2.3፤ ለ25 እና 27 ከ2.25 እስከ 2.4፤ ለ30 ከ2.35 እስከ 2.6፤ ለ35 ከ2.6 እስከ 2.8። በማክሲስ ጎማ ላይ ከልኩ ቀጥሎ «ደብሊውቲ» የሚል ምልክት ካለ ጎማው የተነደፈው ከ30 እስከ 35 ሚሊሜትር ቸርኬ ነው። ያንን ጎማ 21 ላይ ማስገባት ከላይ የተባለውን አምፖል መግዛት ማለት ነው። ቸርኬ ለመቀየር ገንዘብ ከሌለ ጎማውን ለቸርኬው ማሳነስ ይሻላል፤ ደህና ባለ2.2 ጎማ በ19 ቸርኬ ላይ ከሚወላገድ ባለ2.4 ይልቅ ይታመናል።

ሌላው የሚረሳው የብስክሌቱ ራሱ ክፍተት ነው። በጎማውና በፎርኬላው፣ እንዲሁም ከኋላ ባሉት ሁለት ዘንጎች መካከል ግራና ቀኝ ቢያንስ 6 ሚሊሜትር መቅረት አለበት። ደረቅ ቀን 3 ሚሊሜትር የሚበቃ ይመስላል፤ ቀይ ጭቃ ሲጠቀለል ግን ጎማው እንደ መጋዝ ሆኖ ቀለሙን፣ ቀጥሎም ብረቱን ይበላል።

ጨርቁ

የጎማ ዕድሜ የሚወሰነው በጨርቁ ነው፤ ሻጩ ግን ስለሱ አንድ ቃል አይናገርም። አንድ ዓይነት ጥርስ ያለው ጎማ በሦስትና በአራት ዓይነት ጨርቅ ይሠራል። ማክሲስ ዘንድ «ኤክሶ» ጎኑ ላይ መቀደድን የሚቋቋም ተጨማሪ ሽፋን ያለው ቀላሉ ነው፤ «ኤክሶ ፕላስ» ከሱ ይጠነክራል፤ «ደብልዳውን» ጨርቁ ድርብ ነው፤ ከሱ በላይ የቁልቁለት ውድድሩ አለ። ሽዋልቤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሱፐር ሬስ፣ ሱፐር ግራውንድ፣ ሱፐር ትሬይል፣ ሱፐር ግራቪቲ፣ ሱፐር ዳውንሂል ይላቸዋል። የኮንቲኔንታል አዲሶቹ የቁልቁለት ጎማዎች ትሬይል፣ ኤንዱሮና ዳውንሂል በሚል ይከፈላሉ።

የክብደቱን ልዩነት በእጅ ማንሳት ይቻላል። ባለ29 በ2.5 የማክሲስ ሚንየን ዲኤችኤፍ በኤክሶ 1 ኪሎ አካባቢ ነው፤ በደብልዳውን ከ200 ግራም በላይ ይጨምራል። ወደ እንጦጦ አቀበት ለሚወጣ ሰው ይህ ይሰማል። ቢሆንም አምራቾቹ ስስ ጨርቅ የሚያስቡት የተቀደደ ጎማ በማግስቱ በሚተካበት አገር ነው። እዚህ ትክክለኛ ልክ ያለው ጎማ ውጭ አገር ካለ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ነው የሚመጣው፣ ሦስት ወርም ሊያስጠብቅ ይችላል። በዚህ ሒሳብ ለኋላ ጎማ አንድ ደረጃ ጠንከር ያለ ጨርቅ መምረጥ ክብደቱን ይከፍላል። የፊቱ ሸክሙ ስለሚቀል ቀላሉ ጨርቅ ይበቃዋል።

ጨርቁ ስስ መሆኑን ሳይገዙ ማወቅ ይቻላል። ጎማውን በሁለት ጣት ጎኑ ላይ ቆንጥጦ ማጠፍ ነው። እንደ ሸራ ጫማ ጨርቅ እጥፍ ካለ ለአሸዋና ለአፈር ነው። እንደ ቀበቶ ቆዳ ከተገዳደረ ድንጋይ ይችላል።

እንጦጦ፦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ቀይ አፈር

የእንጦጦ ፓርክ በ2020 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ሰው የተራራ ብስክሌትን የሚያውቀው እዚያ ነው። መሬቱ በበጋና በክረምት ሁለት የተለያየ አገር ነው። በበጋ ከታች ደርቆ የጠነከረ ቀይ አፈር፣ ከላዩ አቧራ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ልጣጭ ነው። ከሁሉ የከፋው ፍሬው ነው። ያ ጠንካራ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል የባሕር ዛፍ ፍሬ ጎማ ስር ሲገባ እንደ ኩሽኔታ ኳስ ይሽከረከራል፤ የብስክሌቱን ማቆሚያ ፍሬን ከያዙ በኋላ ከሆነ ጎማው የሚነካው አፈር የለም።

ለዚህ ከኋላ ማክሲስ አይከን ወይም ቪቶሪያ መዝካል ጥሩ ነው። የሁለቱም ጥርስ አጭርና የተቀራረበ ስለሆነ በጠንካራ አፈር ላይ ይሮጣሉ። ባለ29 በ2.35 አይከን 700 ግራም አካባቢ ስለሚመዝን አቀበቱን ያቀላል። ከፊት ግን እነዚህን አንመክርም። ቅጠሉን አልፎ አፈር የሚደርስ ጥርስ ያስፈልጋልና ከፊት ቢያንስ የማክሲስ ሬከን ባለ2.4 ወይም የሽዋልቤ ኖቢ ኒክ ይሁን። ሬከን የአይከን ታላቅ ወንድም በሉት፤ መሐሉ ዝቅ ያለ፣ ጎኑ ግን ሲዘም የሚነክስ። 800 ግራም አካባቢ ነው።

ሐምሌ ሲገባ አይከንም መዝካልም ዋጋ የላቸውም። ቀይ አፈሩ በተቀራረቡት ጥርሶች መካከል ይሞላል፤ ከሃምሳ ሜትር በኋላ ጎማው ሊሾ ነው። ያኔ የሚያስፈልገው ረጅምና የተራራቀ ጥርስ ነው፤ ሲሽከረከር ጭቃውን የሚተፋ። የሽዋልቤ ማጂክ ሜሪ ወይም የኮንቲኔንታል አርጎታል ለዚህ ተሠርተዋል። ሁለቱም በደረቅ መንገድ ይጎትታሉ፤ ሙሉ ዓመት አይደረጉም። ሁለት ጥንድ ጎማ የመያዝ አቅም ለሌለው ሰው የሚሻለው ከፊቱ ብቻ መቀየር ነው።

መረሬ

ከእንጦጦ ወርዶ ወደ ሜዳው፣ ወደ ሰንዳፋም ሆነ ወደ ቢሾፍቱ የገበሬ መንገድ ለሚሄድ የሚጠብቀው ጥቁር አፈር፣ መረሬ ነው። ዋልካም ይሉታል። ሲደርቅ በስንጥቁ ውስጥ የፊት ጎማ ይገባል፤ ሲርስ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። እርጥብ መረሬ ላይ ጥሩ ጎማ የለም። ያነሰ ጉዳት ያለው ጠባቡ ነው፤ ባለ2.1 ወይም ባለ2.2፣ ጥርሱ የተራራቀ፣ በብስክሌቱ ዘንጎች መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት የተወ። ሰፊ ጎማ «ከጭቃው በላይ ይንሳፈፋል» የሚባለው ለአሸዋ እውነት ነው፤ መረሬ ላይ ግን ሰፊው ብዙ ጭቃ ጠቅልሎ ቶሎ ይቆማል። ዝናብ ከዘነበ ብስክሌቱን ተሸክሞ ወደ ጠጠሩ መንገድ መውጣት ነው። ጎማው እንዲዞር እየገፉ መሄድ ካቴናውን ከኋላው ማርሽ መቀየሪያ ጋር ይሰብረዋል።

ስምጥ ሸለቆና እሾኹ

በመተሐራ፣ በዝዋይና በላንጋኖ አካባቢ የጎማው ጠላት ግራር ነው። የደረቀ የግራር እሾህ ከየትኛውም የብስክሌት ጎማ ውፍረት ይረዝማል፤ ስለዚህ «እሾህ የማይበሳው ጎማ» የሚባለው ሸክም ይጨምራል እንጂ አያድንም። መልሱ ቲዩብለስና ማሸጊያ ፈሳሽ ነው። ለባለ29 በ2.4 ጎማ በሌላ ቦታ 80 ሚሊሊትር ይበቃል፤ እዚህ 120 ይጨመር። ሙቀቱ ፈሳሹን ያደርቀዋል፤ በየሁለት ወሩ ጎማውን በጆሮ አጠገብ ነቅንቆ ማዳመጥ ነው። የሚንቦጨቦጭ ድምፅ ከሌለ ውስጡ የቀረው የደረቀ ላስቲክ ነው።

የተሰካ እሾህ ከታየ፣ ንፋስ የማይተነፍስ ከሆነ አይነቀል። እቤት ተደርሶ፣ ትኩስ ፈሳሽ ተጨምሮ፣ ቀዳዳው ወደ ታች ዞሮ ነው የሚነቀለው። ከመነዳሪ ለሚጠቀም ሰው ደግሞ ሁለት መለዋወጫ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽና የሚለጠፍ ላስቲክ ከሌለ ከአስፋልት መራቅ የለበትም። ከመነዳሪ ከቀየሩ በኋላ የጎማውን ውስጥ በእጅ ሳይሆን በጨርቅ ማሻሸት ነው፤ የቀረው እሾህ ጨርቁን ይይዛል፣ ጣትንም አይወጋም። አዲሱ ከመነዳሪ በአሥር ደቂቃ የሚተነፍሰው ይህ ስለሚዘለል ነው።

ሳነቲና ሐረና፣ እንዲሁም የሰሜኑ መንገድ

ከጎባ በሳነቲ አምባ አልፎ ሐረና ደን ውስጥ ወርዶ ዶሎ መና የሚደርሰው መንገድ ለጎማ ፈተና ከዚህ የተሻለ አይገኝም። አምባው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጠጠርና ሹል ድንጋይ። ሐረና ሥርና እርጥብ ድንጋይ ነው። ዶሎ መና ቆላ ነው፣ 1,300 ሜትር አካባቢ። በሰሜን ተራሮችም ከሳንቃበር ወደ ጨነቅ ያለው መንገድ ተመሳሳይ ነው፤ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲሰበር ጠርዙ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ነው።

እዚህ ጨርቅ ሁሉን ይበልጣል። ከኋላ ሚንየን ዲኤችአር ሁለት ባለ2.4 በደብልዳውን ወይም የኮንቲኔንታል ክሪፕቶታል የኋላው በኤንዱሮ ጨርቅ፤ ቸርኬው 30። የዲኤችአር ሁለት የመሐል ጥርሶች እንደ አካፋ የተሠሩ ናቸው፣ ፊታቸው ያዘነበለ ጀርባቸው የተገተረ፤ ለዚህ ነው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ጠጠሩን የሚቆፍሩት። ከፊት ዲኤችኤፍ ባለ2.5 ወይም የማክሲስ አሰጋይ። ዲኤችኤፍ በመሐልና በጎን ጥርሶቹ መካከል ባዶ መስመር አለው፤ ብስክሌቱን በድፍረት የማያዘም ሰው በዚያ ባዶ መስመር ላይ ተቀምጦ «ይንሸራተታል» ይላል። አሰጋይ ያንን ክፍተት በተጨማሪ ጥርስ ስለሞላው ለዝግተኛ ነጂ ይቅር ባይ ነው። ዋጋውን በአቀበት ያስከፍላል፤ ከባድ ነው፣ ይጎትታል። ሻንጣ ጭኖ ለሚሄድ ተጓዥ አሰጋይ ቅንጦት ነው፤ ዲኤችአር ሁለትን ከፊትም ከኋላም ማድረግ ይበቃዋል።

ስለ ጎማው ላስቲክ ልስላሴ አንድ ቃል። ሽዋልቤ በቀለም መስመር ይለየዋል፤ ቀይ ለፍጥነት፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ ብርቱካናማ ለስላሳ፣ ሐምራዊ እጅግ ለስላሳ። ማክሲስ ከፈጣኑ ወደ ለስላሳው ማክስስፒድ፣ ማክስቴራ፣ ማክስግሪፕ ይላል። እጅግ ለስላሳው እርጥብ ድንጋይ ላይ እንደ ሙጫ ይይዛል፣ ከኋላ ሲደረግ ግን ጥርሱ በወራት ይገረደሳል። ለስላሳው ከፊት፣ ጠንካራው ከኋላ ይሁን። የኋላው ቢከዳ ብስክሌቱ ይንሸራተታል፣ የፊቱ ቢከዳ ግን ነጂው መሬት ላይ ነው።

ንፋስ፣ ከፍታና ሙቀት

70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው መነሻው ይህ ነው። 19 ቸርኬ፣ ባለ2.1 ጎማ፣ ከመነዳሪ ያለው፦ ፊት 28፣ ኋላ 32 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ)። 25 ቸርኬ፣ ባለ2.3፣ ቲዩብለስ፦ ፊት 22፣ ኋላ 25። 30 ቸርኬ፣ ባለ2.4 ወይም ባለ2.5፣ ቲዩብለስ፦ ፊት 20፣ ኋላ 23። ክብደት በ5 ኪሎ ሲጨምር 1 ፒኤስአይ መጨመር ነው። ቸርኬው ድንጋይ ሲመታ «ቋ» የሚል ድምፅ በአንድ ጉዞ ከሁለቴ በላይ ከተሰማ ኋላውን በ2 ማሳደግ ነው። ከመነዳሪው ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ፣ እንደ እባብ ንክሻ፣ ከወጣበትም ምክንያቱ እሾህ አይደለም፤ ንፋስ አንሶ ቸርኬው ቆንጥጦታል።

በዝቅተኛ ቦታ የሚኖር ሰው የማያስበው ነገር እዚህ አለ። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ላይ የውጭው አየር ግፊት 11 ፒኤስአይ ያህል ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 14.7 ነው። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭ ያለውን ልዩነት ብቻ ስለሆነ፣ መንገዱ ሲወርድ ጎማው ሳይተነፍስ ቁጥሩ ይወርዳል። ከመሐል ከተማ እንጦጦ አናት ሲወጣ 1 ይጨምራል፤ ከአዲስ አበባ አዋሽ ሲወረድ 2 ገደማ ይቀንሳል። ሳነቲ ላይ ጠዋት በ8 ዲግሪ 22 የተሞላ ጎማ ዶሎ መና ሲደርስ በከፍታው ምክንያት ወደ 18 ይወርድ ነበር፤ ቆላው 28 ዲግሪ ከሆነ ሙቀቱ 2 ያህል ይመልስለትና 20 ላይ ይቆማል። ስለዚህ ከሳነቲ የሚነሳ ሰው ጎማውን 1 ወይም 2 አስበልጦ ይነሳ፤ የሐረና ሥሮች ላይ ሲደርስ ትክክለኛው ላይ ያርፋል።

ጎሚስታ ቤት ቲዩብለስ ማስገባት

ቲዩብለስ ለማስገባት ትልቁ ችግር የጎማውን ጠርዝ በአንዴ የሚያስቀምጥ ኃይለኛ ንፋስ ነው፤ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ይህን በሁለት ሰከንድ ይሠራዋል። ሁለት ነገር ግን ራስ ይዞ መሄድ ነው፦ ቀጭኑን የብስክሌት ቫልቭ ከመኪናው አፍ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ የነሐስ ቁራጭ፣ እና ከ0 እስከ 60 የሚያነብ መለኪያ። የመኪና መለኪያ 20 እና 25ን አይለይም።

ቸርኬው በአልኮል ይጠረጋል። የቴፑ ስፋት ከቸርኬው ውስጥ በ2 እስከ 5 ሚሊሜትር ይበልጣል፤ ለ30 ቸርኬ 32 ወይም 35። ከቫልቩ ቀዳዳ በተቃራኒ ተጀምሮ፣ እየተወጠረ፣ 10 ሴንቲሜትር ተደራርቦ ያልቃል። ተራ የማሸጊያ ፕላስተር አይሆንም፤ ፈሳሹ ሙጫውን ያላቅቀዋል። ቀዳዳው በቢላ አይቀደድ፣ በጋለ ምስማር ይበሳ፤ ክቡ ዳር ይቀልጥና አይሰነጠቅም። ቫልቩ በእጅ ብቻ ይጠበቅ፤ ፒንሳ የያዘ ሰው ላስቲኩን ይጨፈልቀዋል፣ መንገድ ላይም በእጅ አይፈታም።

የጎማው ጠርዝ የሳሙና ውኃ ይቀባል፣ የቫልቩ ልብ (ተፈትቶ የሚወጣው የውስጥ ክፍሉ) ይወጣል፣ ንፋስ ይለቀቃል። «ጧ፣ ጧ» ሁለቴ ሲል ተቀምጧል። ጎማው ላይና ቸርኬው ላይ ከተጻፈው ከሁለቱ ትንሹ የግፊት ቁጥር በፍጹም አይታለፍ፤ ጎሚስታው ለመኪና እንደለመደው ከለቀቀው ጎማው ከቸርኬው ይዘላል፣ ጣትም ይወስዳል። ከዚያ ንፋሱ ወጥቶ ፈሳሹ በቫልቩ በኩል ይገባል፣ እንደገና ተነፍቶ እያንዳንዱ ጎን አሥር ደቂቃ ተጋድሞ ይቆያል። ፈሳሽ በቸርኬው ሽቦዎች ቀዳዳ ካወጣ ጥፋቱ የቴፑ ነው፣ እንደገና ይጠቀለላል። በጎማው ጎን ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ቢታይ አያሰጋም፤ አንድ ቀን ሲነዳ ይዘጋል።

አንድ ጥንድ ብቻ ለሚገዛ

ለአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ባለ29፣ ከ27 እስከ 30 ቸርኬ ላለው ሰው፦ ፊት ዲኤችአር ሁለት ባለ2.4 በማክስቴራ፣ ኋላ ሬከን ባለ2.4 ከሚገኘው ጠንከር ባለው ጨርቅ። ባለ26 በ19 ቸርኬ ለሚነዳ፦ አይከን ባለ2.2 ከኋላ፣ ከፊት በዚያው ስፋት ጥርሱ የተራራቀ ማንኛውም የታወቀ አምራች ጎማ። የኋላው መሐል ጥርስ ከጎኑ በግማሽ ሲያጥር የፊቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አዲሱ ሁልጊዜ ከፊት ይገባል። ሲያዞሩ የጎኑን ቀስት ማየት ነው።